«ይግባኝ ስንል ምስክሮቹ እንደገና ይጠራሉ» እና ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች

ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ናት። ስለዚህ ከየዞኑ ለይግባኝ የሚመጣ ሰው አይጠፋባትም። ጣና ዳር ሻይ ስትሉ አጠገባችሁ የተቀመጡት የፍርደኛ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። በግድያ የተፈረደበት ዘመድ ያለው ሰው ሲያወራ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ።

«ምስክሮቹ እንደገና ይጠራሉ»

እንደ ደንቡ አይጠሩም። ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው የሥር ፍርድ ቤቱን፣ ማለትም መጀመሪያ የፈረደውን ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅዳል። ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ አስፈላጊ ነው ብሎ ምክንያቱን ሲመዘግብ ነው።

እንበል፣ ምስክሩ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደንገሉ ውስጥ ሆኜ ሲወጋው አየሁ» አለ። ጨረቃ ነበረች? ስንት እርምጃ ይርቃል? ፊቱን ነው ያየኸው ወይስ ጋቢውን? ይህ ሁሉ የሚጠየቀው መጀመሪያው ችሎት ላይ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ነው። ካልተጠየቀ መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ የሌለውን ጎበዝ ጠበቃስ ከየት ያመጣዋል? ምስክሩ «ጨለማ ነበር» ማለቱ ተመዝግቦ ዳኞቹ ዘለውት ከሆነ ግን ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው።

ሰው ከብቱን ሸጦ ጠበቃ የሚይዘው ከተፈረደ በኋላ መሆኑ ሁሌ ያንገበግበኛል። አቅም ላጣም ቢሆን፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ደንግጓል።

«ፖሊስ ጣቢያ አምኗል፣ አለቀለት»

አላለቀለትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ችግሩ «ተገድጄ ነው» የሚለው ቃል ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ዳኛ ፊት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን ተናግሮ ማስመዝገብ ይሻላል። ቁስል ካለ ደግሞ ሳይሽር ሐኪም ይየው።

«የዓይን ምስክር ከሌለ አይፈረድም»

ይፈረዳል። የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃዎች (ድርጊቱን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን የሚያሳዩ) ተያይዘው ወደ አንድ ሰው ብቻ ካመለከቱ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ተከላካዩ የሚፈልገው ሰንሰለቱ የሚላላበትን ቦታ ነው።

«ሰበር አለ፣ እሱ ሁሉንም ያያል»

ሰበር፣ ማለትም ከይግባኝ በኋላ ያለው ችሎት፣ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው። «ምስክሩ ዋሽቷል» ብላችሁ ብትሄዱ አያዋጣም። «በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀብሎ ፈረደብኝ» ግን የሕግ ጥያቄ ነው።

«ገና ጊዜ አለን»

በ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 187 ይግባኝ ባይነትን ለማሳወቅ ያለው ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠ 15 ቀን ነው። የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። እስር ላይ ያለ ሰው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል። ግልባጩን የተቀበላችሁበትን ቀን እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉት።