ለፎቶ የሚሆን ተንቀሳቃሽ መብራት፦ ስለ ቀለም በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ሰርግ በሰርግ ነው። ቀን በሸራ ዳስ ሥር፣ ማታ አንድ አምፖል በበራበት ሳሎን የሚሠራ ፎቶ አንሺ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ሳይዝ አይወጣም። አልበሙ ሲገለጥ ግን የሙሽራዋ ፊት አመድ መስሎ፣ የሙሽራው ቀይ ካባ ወደ ቡናማ ሄዶ፣ የእጇ እንሶስላ ደብዝዞ ይገኛል። ቤተሰቡ ካሜራውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ መብራቱንም የመረጥነው እርስ በርስ እየተቀባበልን ባመንነው ወሬ ነው።

«ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ 95 ከተጻፈ ጨርሰናል»

ሲአርአይ አንድ መብራት የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ነው። ያወጣው ዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን ሲሆን፣ አምራቾች የሚሠሩበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ነው። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የሚለካው ጥቂት ነገር ነው። ነጥቡ የ8 ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ብቻ ነው። ደማቁ ቀይ 9ኛ (አር9) ሆኖ ከአማካዩ ውጭ ስለቀረ፣ ቀይን የሚያደበዝዝ መብራት ጥሩ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለቤት የሚሸጡት ሲአርአይ 80 የሚባሉ የኤልኢዲ አምፖሎች በዚህ ቀይ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ዜሮ አካባቢ ናቸው፤ ከዜሮ በታች የሚወርዱም አሉ።

ለእኛ ደግሞ ቀይ ዋናው ነገር ነው። ቡናማ ቆዳ ብርሃንን በብዛት የሚመልሰው በቀዩ ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ ቀዩ ሲጎድል ፊት ሕይወት ያጣል። ካባውም፣ የቀሚሱ ቀይ ጥለትም፣ እንሶስላውም፣ የዶሮ ወጡ መልክም በዚያው ቀይ ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ሻጩን «ሲአርአዩ ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «አር9 ስንት ነው?» በሉት። ከ90 በላይ ከሆነ ያዙት። ይህን ቁጥር ጨርሶ የማይጽፍ አምራች ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን አልገዛም።

ሌላም አለ። ሲአርአይ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ የካሜራ ሴንሰር ቀለምን የሚያየው በሌላ መንገድ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2012 ቲኤልሲአይ የተባለ መለኪያ ያወጣው ለዚህ ነው፦ በዓይን ፋንታ ካሜራን መሠረት ያደርጋል። ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ያወጣው ኤስኤስአይ ደግሞ የመብራቱን ብርሃን በቀጥታ ከፀሐይ ወይም ከስቱዲዮ አምፖል ብርሃን ጋር ያስተያያል። ሦስቱንም የጻፈ መብራት ካገኛችሁ አምራቹ የሚደብቀው ነገር እንደሌለ ጥሩ ምልክት ነው።

«5600 ኬልቪን ማለት የፀሐይ ብርሃን ማለት ነው»

አይደለም። ኬልቪን የሚነግረን ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን ብቻ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ከሥሩ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ከሰማያዊው ከፊሉን ይለውጠውና ሁለቱ ተደምረው ለዓይን ነጭ ይመስላሉ። በብርሃን ሞገድ ርዝመት ሲታይ 450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊው ተቆልሎ፣ 480 አካባቢ ጎድሎ፣ ቀዩ ጋ ሲደርስ ይመነምናል። የቀን ፀሐይ እንዲህ ያለ ጉድለት የላትም። ርካሽ መብራት 5600 ተብሎም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል፤ ያንን ኬልቪን አይናገርም።

«ሮው ካነሳሁ ኤዲት ላይ አስተካክለዋለሁ»

ሮው ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ነው። ከሁሉ በላይ ሥራችንን የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ እንዲመስል የሚደረገው ማስተካከያ፣ ካሜራው የተቀበለውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ያልመጣ ብርሃን አይፈጥርም። ጫፍ የወጣውን ምሳሌ እንውሰድ፦ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት ብርሃኑ ሁሉ ማለት ይቻላል 589 ናኖሜትር ላይ ነው። በሥሩ ቀይም አረንጓዴም ልብስ የአንድ ቢጫ ጥላና ብርሃን ብቻ ይሆናሉ፤ ያንን የሚለይ ሶፍትዌር የለም። ደካማ ኤልኢዲም በመጠኑ ያንኑ ነው የሚያደርገው። ቀዩን በኤዲት ስትገፉት ግድግዳውና ነጠላው ጭምር ይቀላሉ፤ ካባው ግን ያጣውን አያገኝም።

በሸራ ዳስ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። ሰማያዊ ሸራ የፀሐዩን ብርሃን ሰማያዊ አድርጎ ያወርደዋል። እዚያ ውስጥ በአንድ በኩል ነጭ መብራት ስታበሩ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ሌላ ይሆናል፤ ለሁለት ዓይነት ብርሃን አንድ ዋይት ባላንስ አይበቃም። መብራት ከማብዛት በፊት ሙሽሮቹን ወደ ዳሱ አፍ አውጧቸው። ካልተቻለ መብራቱን አቅርቡት፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ብርሃኑ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናልና ሸራውን ሊያሸንፍ ይችላል።

«ፍላሽ ጊዜው አልፎበታል»

በቀለም ብቻ ከተፈረደ ተራ የካሜራ ፍላሽ ብዙ ውድ የኤልኢዲ ፓነሎችን ያስከነዳል። የዜኖን ጋዝ ብርሃን ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሳይቆራረጥ ይዘረጋል፣ ለቀን ብርሃንም ቅርብ ነው። ቪዲዮ ለሚሠራ አይሆንም፤ ቅዳሴ ላይ መብለጭለጩም አይገባም። ለቤተሰብ ፎቶ ግን ያላችሁን ፍላሽ አትሽጡት።

«ነጭ ልብስ በየትኛውም መብራት ነጭ ነው»

የፋብሪካ ነጭ ክርና ብዙ የልብስ ሳሙናዎች የማንጫ ኬሚካል አላቸው። ኬሚካሉ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል፤ ቀሚሱ ፀሐይ ላይ የሚያበራው በዚህ ነው። አብዛኛው ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ያንጸባረቀው የፋብሪካ ቀሚስ ማታ በእጅ ከተፈተለው አዲስ ነጠላ ጋር ተመሳስሎ ክሬም ሊመስል ይችላል። የመብራት ጥራት ጉድለት አይደለም፤ በኤዲት ነጭ አደርጋለሁ ብላችሁ ፊቱን ሰማያዊ እንዳታደርጉት።

«ዋቱ የበዛ ይሻላል»

ቀዩን አሟልቶ የሚሰጥ መብራት በዚያው ኃይል ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ይህ ከሥራው ጋር የሚመጣ ነው፤ በብርሃን ብዛት ብቻ ብታወዳድሩ መጥፎው ያሸንፋል።

«ባትሪው ሞተ»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ናት፤ መሃል ሜዳና አንኮበርም ብርዳቸው የታወቀ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ካፖርት ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል። ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ችግር ያመጣል፦ ቀለም በሚቀያይሩት አርጂቢ መብራቶች ውስጥ ያለው ቀይ ኤልኢዲ ሲግል ከሰማያዊው ይልቅ ይደክማል።

«ሱቅ ውስጥ መለየት አይቻልም»

ይቻላል። ነጭ ወረቀት፣ ደማቅ ቀይ ጨርቅና የራሳችሁ እጅ ይበቃሉ። መጀመሪያ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አንሱ። ቀጥሎ ወደ ጨለማው የሱቁ ክፍል ገብታችሁ በመብራቱ ብቻ አንሱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋይት ባላንሱን በወረቀቱ አስተካክሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ጨርቁና መዳፋችሁ ይነግሯችኋል። መብራቱን በሙሉ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ዝቅ አድርጋችሁም፣ ሁለቱንም ቀለም የሚሰጥ ከሆነ ቢጫና ነጩ እኩል ሲቀላቀሉም ሞክሩት፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚሸሸው እዚያ ላይ ነው።