«ልጆች መጽሐፍ ያበላሻሉ» እና ስለ ትምህርት ቤት ላይብረሪ የምንሳሳትባቸው ሌሎች ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። መጻሕፍት እጠግናለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ለትንንሾቹ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ ከጎረቤትም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ከክፋት የመጡ አይደሉም፤ ግን ልጁንና መጽሐፉን ያራርቃሉ። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ልጆች መጽሐፍ ያበላሻሉ፣ ቆልፎ ማስቀመጥ ይሻላል»

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ላይብረሪያኑን እንረዳው። በመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ንብረት ነው። እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባለው ወጪ ይሆናል። ሰኔ ላይ ቆጠራ አለ። ከጎደለ የሚጠየቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። «ከደመወዜ ይቆረጣል» ብሎ የሚሰጋ ሰው መደርደሪያውን ቢቆልፍ አይፈረድበትም። እኔ መጀመሪያ ስመጣ የተረት መጻሕፍቱ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ልጆቹ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ሽፋን ያያሉ። መጻሕፍቱ ከገቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ገጾቹ ግን ሲገለጡ ገና እንደ አዲስ ይንኮሻኮሹ ነበር።

ራንጋናታን የሚባለው ሕንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ በ1931 እ.ኤ.አ. አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎችን ጽፏል። የመጀመሪያው «መጻሕፍት ለመጠቀሚያ ናቸው» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ሕግ ሆኖ መጻፉ ያስገርም ይሆናል። ግን በድሮው ዘመን አውሮፓ ውስጥ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። እኛም ጋ ሰንሰለቱ ቀርቶ ቁልፉ አለ።

መውጫው ከርእሰ መምህሩ ይጀምራል። ላይብረሪያኑ ብቻውን ሊወስነው አይችልም። እኛ ጋ ጉዳዩ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቀረበ። በንባብ ያረጀ መጽሐፍ በላይብረሪያኑ ላይ እንደ ጉድለት እንዳይቆጠር፣ በየዓመቱም በኮሚቴ እየታየ እንዲወገድ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ያን ቀን የላይብረሪያኗ ፊት ሲፈታ አይቻለሁ። ቁም ሳጥኑ የተከፈተው በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ደብተር ይመደባል። የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ በቃ። ሽፋኑን ባለፈው ዓመት ካላንደር ወረቀት እንለብጠዋለን። የላላውን ገጽ በመርፌና በክር እንሰፋለን። የሚሰፉት የ6ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ራሳቸው የሰፉትን መጽሐፍ ሌላ ልጅ ሲያጎሳቁል ካዩ ዝም አይሉም።

መጽሐፍ ይጠፋል ወይ? አዎ፣ ይጠፋል። አምና እኛ ጋ 11 መጻሕፍት ጠፍተው ነበር። 4ቱ ቤት ውስጥ በታናናሽ ወንድምና እህት እጅ ተገኙ። እነዚያን ጠፉ ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

«የእኛ ልጆች ማንበብ አይወዱም፣ ባህሉም የለንም»

ይህን ሐዋሳ ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ከተማ ውስጥ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ላይብረሪ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው ድርጅት በኩል መጀመሪያ አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ላይብረሪ ከፈቱ፤ ጋሪው ደግሞ ሐዋሳ ላይ ተጀመረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። ያ ጋሪ ያሳየን ነገር ቢኖር፣ ልጁ ጋ መጽሐፍ ሲደርስ ልጁ እንደሚመጣ ነው።

ታሪክ የመውደዱን ነገርማ ማንም ያውቀዋል። «ተረት ተረት» ስትሉት «የላም በረት» የማይላችሁ ልጅ የት አለ? ፍላጎቱ ድሮም አለ። የጎደለው መጽሐፉ ነው።

«ገና ማንበብ ያልቻለ ልጅ ላይብረሪ ገብቶ ምን ይሠራል?»

ይሰማል። ሥዕል ያያል። መጽሐፍ ከየት ወዴት እንደሚገለጥ ያውቃል። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በ7 በ7 ሆነው 231 ናቸው። ብዙ ልጆች ገበታውን እንደ ዜማ ሸምድደው ይመጣሉ። ከመሀል «ቦ»ን ብታሳዩአቸው ግን ከ«በ» ተነሥተው፣ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያሉ ቆጥረው ነው የሚደርሱበት። እንዲህ እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህን ልጆች «አንብባችሁ ስትመጡ ግቡ» ብንላቸው መቼም አይገቡም።

እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ትንንሾቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መጽሐፉን ወደነሱ አዙሬ፣ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ አነባለሁ። ያንኑ መጽሐፍ በሳምንቱ ደግሜ አነበዋለሁ፤ እነሱም «ይደገም» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ቃሉን ከእኔ ቀድመው ይሉታል። አንዱ ልጅ ደግሞ ከሰልፍ በኋላ ብቻውን መጥቶ ያንኑ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ጣቱን ከቃሉ ሥር ያስኬዳል።

«ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው»

አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ አለን። አባቱ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ ያጠምዳል። ተረት ብሰጠው ገልጦ ይመልሰዋል፤ ክፍል ውስጥም ሲያነብ ይንተባተባል። አንድ ቀን ከሚወገዱት መሀል የዓሣ ሥዕል ያለበት አሮጌ የአማርኛ የሳይንስ መጽሐፍ አገኘ። ቁጭ አለ። ስለ ስንጥብ፣ ስለ ክንፍ፣ ስለ ቅርፊት የተጻፈውን እየተንተባተበም ቢሆን ጨረሰው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ «ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ ግን የለውም፤ ለምንድን ነው?» አለኝ። መልሱን አብረን ስንፈልግ ሁለት ሳምንት ሄደ። መጽሐፉን ከሚወገዱት ዝርዝር አውጥተነዋል።

ልጅ ስለሚወደው ነገር ሲያነብ ከባዱን ቃል አይሸሸውም። ያ ቃል በኋላ በአካባቢ ሳይንስ ፈተናም፣ በሒሳብ የቃላት ጥያቄም ይመጣል። ብዙ ልጅ ሒሳብ የሚሳሳተው ማባዛት አቅቶት ሳይሆን ጥያቄው ስላልገባው ነው።

መርጦ ማንበብም የልጁ ነው። «ይሄ ይከብድሃል» ብለን ከእጁ አንንጠቅ። አንድ ገጽ ገልጦ ያልገባውን ቃል በጣቱ ይቁጠር፤ አምስት ከሞላ ለጊዜው ሌላ ይሞክር፣ ወይም ከሚያነብለት ሰው ጋር ይውሰደው።

«እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይቅደም»

ወላጆች እዚህ ላይ ቅር እንዳይላችሁ። እንግሊዝኛ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን እንግሊዝኛውን አሳምሮ አንብቦ «ምን ይላል?» ሲባል ዝም የሚል ልጅ በብዛት አያለሁ። ድምፁን አወጣው እንጂ አላነበበውም። ማንበብ ማለት መረዳት መሆኑን ልጅ የሚማረው በሚሰማው ቋንቋ ነው። አንዴ ከገባው ችሎታውን ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሄዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ደረጃ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ያስቀመጠው ለዚሁ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ የአንድ ቋንቋ ከተማ አይደለችም። እኛ ጋ የሚመጡት ልጆች ቤታቸው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ሌላም ያወራሉ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ መደርደሪያውን ለይተነዋል። የልጆች መጽሐፍ ሲያንሰን ልጆቹ ራሳቸው ይጽፋሉ። ከአያታቸው የሰሙትን ተረት በቋንቋቸው ጽፈው፣ ሥዕሉን ሠርተው ያመጣሉ። በስቴፕለር ይመታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ወረፋ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

«ብዙ ያነበበ ይሸለም»

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በኋላ በነፃ ሰዓታቸው የሚሥሉት ቀነሰ። እኛም ጋ ደብተር በሽልማት በሰጠንበት ሴሚስተር ልጆቹ ቀጫጭን መጽሐፍ ይመርጡ ነበር። አሁን በምትኩ ሚኒ ሚዲያውን እንጠቀማለን። በረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ያነበበውን ሁለት ደቂቃ ይተርካል፣ መጨረሻውን ሳይናገር ያቆማል። ደወሉ ሳይደወል መጽሐፉን የሚጠይቅ ይመጣል።

«ብዙ መጽሐፍ ያለው ላይብረሪ ጥሩ ላይብረሪ ነው»

በካርቶን የመጣ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ለ3ኛ ክፍል ልጅ ምንም አያደርግለትም። የማይነበበውን ለሚያነበው ስጡት። ልጅ እጁ በሚደርስበት ከፍታ፣ ሽፋኑ ፊት ለፊት እየታየ የተቀመጠ 100 መጽሐፍ ይበቃል።

«ላይብረሪው ክፍት ነው፣ የማይመጡት ልጆቹ ናቸው»

መቼ ነው ክፍት? በብዙ ትምህርት ቤት ላይብረሪው የሚከፈተው ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ነው። በረፍትና በምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ ላይብረሪያኑም ምሳ መብላት አለበትና። በፈረቃ የሚማር ልጅ ደግሞ ፈረቃው ሲያልቅ በር ላይ «ወደ ቤት» ይባላል። የንባብ ክበብ ልጆችን አሠልጥኖ በረፍት ሰዓት ተራ ማስያዝ ይቻላል። የ7ኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን በሥርዓት ይይዛል።

ዋናው ክፍተት ግን ክረምቱ ነው። ቆጠራው ሰኔ 30 ላይ ስለሚዘጋ መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ ይቆለፋል። ልጆቹ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ዝናብ እያዩ ቤት ይቀመጣሉ። በጥር ማንበብ የጀመረው ልጅ መስከረም ላይ እንደገና ከ«በ» መቁጠር ይጀምራል። አምና አንድ ነገር ሞከርን። ቆጠራውን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጨረስን። ከዚያ ካርድ ለመቀበል የመጣ ወላጅ ሁሉ ፈርሞ ለልጁ ሦስት ሦስት መጽሐፍ ወሰደ። የፊርማው ዝርዝር ከቆጠራው ሰነድ ጋር ተያያዘ። መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ አብዛኛው ተመለሰ፤ አንዳንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንዱም በአዲስ ካላንደር ተለብጦ።