«ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ልጃቸው አፉን ለመፍታት ወይም ለመራመድ የዘገየባቸው ወላጆች የጂን ምርመራ ያስደርጋሉ። ሲጠብቁ ከርመው የሚደርሳቸው ወረቀት ላይ ግን አንዳንዴ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ይጻፋል። ታሟል ማለት ነው? ደህና ነው ማለት ነው? ሁለቱም አይደለም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስ ኮሌጅ መመሪያ የጂን ለውጦችን በ5 ይመድባል፤ ከ«በሽታ አምጪ» እስከ «ጉዳት የሌለው»። ይሄኛው መሃል ላይ ነው። ላብራቶሪው ለውጡን አይቶታል፤ ለመፍረድ ግን በቂ ማስረጃ የለውም።

እኛን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ለማመሳከሪያ የሚያገለግለው የጂን መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የተለመደ፣ ምንም የማያመጣ ለውጥ እንኳ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ብዙ ጊዜ የእናትና የአባት ናሙናም ይመረመራል። ጤነኛው አባት ያንኑ ለውጥ ከያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ሁለቱም ጋ ከሌለ ይጨምራል።

ወረቀቱን አትጣሉት። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሙን «እንደገና ይታይልን» በሉት፤ ምደባው ሊለወጥ ይችላል። የንግግርና የእንቅስቃሴ ሕክምናው ግን ይሄን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ይጀመር።