ፎቶ ማደራረብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማታ ማታ ጣና ዳር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የማያነሳ የለም። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ አንስቶ ፎቶዎቹን ወደ አንድ ስለማዋሃድ ግን የሚወራው ብዙው ስህተት ነው።

«ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። የስልካችሁ የማታ ሁነታ ራሱ አንዴ ስትነኩት በርካታ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳል። «አታንቀሳቅሱ» የሚላችሁም ለዚህ ነው።

«የደበዘዘ ሁሉ ሲደራረብ ይጠራል» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ያለፋል። የሚቀንሰው ኖይዝ ነው፤ ያ ጨለማ ውስጥ ያነሳነው ፎቶ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስለው ነገር። ዘጌ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አስቡ። ውስጡ ጨለም ይላል፤ በፍላሽ ማንሳት አይታሰብም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ስታደርጉ ሥዕሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። ነጠብጣቡ ከፎቶ ፎቶ ቦታ ይቀያይራል፤ የቅዱሱ ዐይን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። አማካዩ ሲወሰድ ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ዐይኑ ይቀራል። 4 ፎቶ ኖይዙን በግማሽ፣ 16 ፎቶ ወደ ሩብ ያወርደዋል። ወደ ስምንተኛ ለማውረድ 64 ያስፈልጋል፤ እኔ በበኩሌ 16 ይበቃል ባይ ነኝ። ፎከስ የሳተ ፎቶ ግን 64 ጊዜም ቢደረብ ያው ብዥ ያለ ነው።

ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) የግድ ነው? አይደለም። ሶፍትዌሩ ራሱ ያገጣጥማቸዋል። እንዲያውም ትንሽ የእጅ ንቅናቄ ከፒክሰል ያነሰ ሽግሽግ ስለሚፈጥር ተጨማሪ ዝርዝር ለማውጣት ይረዳል። ከምትሄድ ጀልባ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ቅርብ ያለው ደንገል ከሩቁ ደሴት አንጻር ቦታው ይለዋወጣል።

«አንዱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ አንዱን ማብራት፣ አንዱን ማጨለም ኤችዲአር ነው» የሚባለውም አይሠራም፤ ኤችዲአር ማለት በጣም ብሩሁም በጣም ጨለማውም ቦታ በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው። ፀሐይዋ አጠገብ ነጭ ሆኖ የጠፋ ሰማይ ሲያጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ቀለሙ አይመለስም። ብርሃኑን መለወጥ ያለባችሁ ስታነሱ ነው፤ አንዱን ለሰማዩ፣ አንዱን ለታንኳው።

«የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አይሆንም» የሚሉት ግማሽ እውነት አላቸው። አማካይ ከወሰዳችሁ የሚያልፈው ታንኳ ስስ ጥላ ሆኖ ይቀራል። በአማካዩ ፈንታ የፎቶዎቹን ዋጋ በቅደም ተከተል ደርድሮ መሐል ላይ የሚውለውን፣ ሜዲያኑን ከመረጣችሁ ግን ድራሹ ይጠፋል፤ ያ ቦታ ከግማሽ በላይ በሆኑት ፎቶዎች ላይ ባዶ መሆን አለበት እንጂ። ቆሞ ወሬ የያዘ ሰው አይጠፋላችሁም። ውሃውም ሲደራረብ ሞገዱ ይለሰልሳል። ሞገዱን ከነቅርጹ ከፈለጋችሁ ለውሃው አንዱን ፎቶ ብቻ፣ ለሰማዩና ለዳርቻው የተዋሃደውን ተጠቀሙ።