ሱፐርማን ወይስ ሃልክ? የኮሚክ ጀግኖች ጉልበት እንዴት ይለካል

ኮሚክ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙበት ይቺ ክርክር አትቀርም። ሱፐርማን ይበልጣል ወይስ ሃልክ? የነጎድጓድ አምላኩ ቶርስ? እኔ ክርክሩን በጣም ነው የምወደው። ግን ብዙ ጊዜ ሰው ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣና ታሪኩን ይረሳዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን በ1938 ሲወጣ መብረር እንኳ አይችልም ነበር። ይዘላል እንጂ፤ ያውም በአንድ ዝላይ 200 ሜትር ያህል። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ አረንጓዴ መኪና ከራሱ በላይ አንስቶ ድንጋይ ላይ ሲያላትም ይታያል። ጉልበቱን ያስረዱት በጉንዳን ነው። ጉንዳን ከራሷ ክብደት ብዙ እጥፍ ትሸከም የለ? እሱም እንደዚያ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ልጓም ጠፋ፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ጉልበቱ እየጨመረ ፕላኔት እስከመግፋት ደረሰ። በ1986 ጆን ባይርን ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምረው ሆን ብሎ ቀነሰለት። እሱም አልቆየም። በ2012 በወጣ እትም ላይ ሱፐርማን የምድርን ያህል ክብደት ለአምስት ቀን ሲገፋ እናየዋለን።

ሃልክ፣ ማለትም ሳይንቲስቱ ብሩስ ባነር ሲለወጥ የሚሆነው ግዙፍ ፍጡር፣ ሌላ ዓይነት ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1962 ፈጠሩት፤ ከጊዜ በኋላ ዋናው ነገር ንዴቱ ሆነ፤ በተናደደ ቁጥር ይበረታል። ስለዚህ የሃልክ ጉልበት ይሄን ያህል ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። በ1984 ሞለኪውል ማን የሚባለው ባለጋራ ጀግኖቹ ላይ ተራራ ይጥልባቸዋል። ክብደቱ 150 ቢሊዮን ቶን ነው ተብሏል። ሃልክ ከሥር ገብቶ በጀርባውና በእጆቹ ደግፎ ይይዘዋል። ችግሩ በዚያን ሰሞን የባነርን አእምሮ ይዞ ስለነበር ረጋ ያለ ነው፤ ረጋ ካለ ደግሞ ይደክማል። ታዲያ አብሮት የነበረው ጀግና ሪድ ሪቻርድስ ምን አደረገ? እንዲናደድ ብሎ ይሰድበው ጀመር። ለእኔ ከ150 ቢሊዮኑ ይልቅ ሃልክን የሚገልጸው ይሄ ስድብ ነው።

የሃልክ፣ የቶርና የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል ነገሩን መልክ ለማስያዝ ሞክሯል። ከ1983 ጀምሮ በማርክ ግሩንዋልድ መሪነት የገጸ ባሕርያቱን አቅም የሚዘረዝር መመሪያ አወጣ። ስፓይደርማን 10 ቶን ያነሳል፤ ሃልክና ቶር ደግሞ ከ100 ቶን በላይ። ለማነጻጸር ያህል፣ ጆርጂያዊው ላሻ ታላካድዜ በ2021 ከራሱ በላይ ያነሳው 267 ኪሎ ነው። መመሪያው ለትንንሾቹ ጥሩ ነው፤ ለትልልቆቹ ግን ብዙም አይጠቅምም። 105 ቶን የሚያነሳውም ተራራ የሚሸከመውም እዚያው አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ።

በነገራችን ላይ የቶርን መዶሻ እዚህ ክርክር ውስጥ ማስገባት ስህተት ነው። መዶሻው የሚነሳው በጉልበት ሳይሆን ለሚገባው ሰው ብቻ ነው። ሃልክ አቃተው ማለት ሃልክ ደካማ ነው ማለት አይደለም።

ሁለቱ አሳታሚ ድርጅቶች፣ የሱፐርማኑ ዲሲና ማርቭል፣ በ1996 ጀግኖቻቸውን አጋጥመው የአምስቱን ፍልሚያ ውጤት ለአንባቢ ድምፅ ሰጡት። ሱፐርማን ሃልክን አሸነፈ። እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። ግን የማርቭሉ ዎልቨሪን የዲሲውን ሎቦ አሸነፈ! ሎቦ ከሱፐርማን ጋር የሚተናነቅ ፍጡር ነው፤ እዚያ ላይ ያሸነፈው ተወዳጅነት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። በ2003 በጀመረው ሌላ የጋራ ሥራ ደግሞ ሱፐርማን ቶርን ጥሎታል፤ ያውም በስንት መከራ።

አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል ግን የእነዚህን የአንዳቸውንም አልመርጥም። የ1966ቱን ስፓይደርማን ነው የምመርጠው። ስቲቭ ዲትኮ የሳለው ነው። ልጁ ከባድ ብረት ተጭኖታል፣ ውሃ ከላይ እየገባ ነው። አክስቱ ሜይ ሆስፒታል ተኝታለች። የሚያድናት መድኃኒት ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እጁ ግን አይደርስም። ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ብረቱ ትንሽ ይነቃነቃል። ከዚያ ገጹን ስትገልጡት አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ አለ፤ ብረቱ ከላይ፣ እሱ ከታች ቀጥ ብሎ ቆሟል።