«ሲያድግ ይለቀዋል» የሚሉ ሰዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ስለሚጥል በሽታ ከምሰማው ሁሉ የሚያንገበግበኝ «ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይለቀዋል» የሚለው ነው። መጀመሪያ ግን ቀላል ቀላሉን።

ክብሪት ማሽተት? ምንም አይጠቅምም፤ ተዉት።

በአረፋው ይተላለፋል? አይተላለፍም፤ የአንጎል ሕመም ነው።

ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅ? በፍጹም! በጎኑ አስተኙት፣ ነጠላ አጥፋችሁ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

አሁን ወደ «ይለቀዋል»። ክፋቱ ግማሽ እውነት አለበት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሲያተኩሰው ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ መታየት አለበት እንጂ አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ሰዉ ግን ይህንኑ ትኩሳት ሳይኖረው ለሚጥለውም፣ ለጨቅላም ይናገራል።

ጨቅላ ሲጥለው እንደ አዋቂ አይንፈራገጥም። ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ይቀራል፣ እግሩ ፔዳል የሚመታ ይመስላል፣ አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ከዘጌ በኩል የመጣች አንዲት አራስ ልጇ እንዲህ ሲሆን «መላእክት እያጫወቱት ነው» ብለዋት ቤት አቆይታዋለች። ስንለካው የደም ስኳሩ ወርዷል! ቶሎ ቢመጣ ቶሎ የሚታከም ነገር ነው። መታፈንና ኢንፌክሽንም እንዲሁ ያደርጋሉ።

የጨቅላ አንጎል የአዋቂ አንጎል ታናሽ አይደለም። ጋባ የሚባለው ኬሚካል የአዋቂን የነርቭ ሴሎች ያረጋጋል። ባልበሰለ አንጎል ግን ሴሎቹ ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ ያው ኬሚካል ሊያነሣሣቸው እንደሚችል ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ አይተዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት የሚሠራው በጋባ በኩል ነው። አንዳንድ ጨቅላ ላይ ብቻውን የማይበቃው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የአጎቱን ኪኒን ቆርሳችሁ ለጨቅላው አትስጡት፣ እባካችሁ።

ፀበሉንም አልከለክልም፤ እኔም እሄዳለሁ። ኪኒኑን ቤት ጥሎ መሄድ ነው ጥፋቱ። በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይደራረባል፣ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ኪኒኑን ይዛችሁ ተጠመቁ።

ልጃችሁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ በስልካችሁ ቅረጹና አምጡልን። ከጎረቤት ምክር ይልቅ ያቺ ቪዲዮ ትረዳናለች።