ሟቾቹን ማን ቆጠራቸው? የአገሮችን የመንገድ ደህንነት ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100ው 92ቱ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ቁጥር በወጣ ቁጥር ታዲያ እነዚህን አገሮች በደረጃ መደርደር ይጀመራል። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

"ጥቂት ሞት የመዘገበ አገር መንገዱ ደህና ነው"

ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ሟቹ ሳይሆን መዝገቡ ነው። አንድ እግረኛ ተገጨ እንበል። ትራፊክ ፖሊሱ ቦታው ላይ ደርሶ "ከባድ የአካል ጉዳት" ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ሆስፒታል ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን ያርፋል። ካርዱ ላይ የሞቱ ምክንያት "ኢንፌክሽን" ተብሎ ይሞላል። ወደ ፖሊሱ መዝገብ ተመልሶ ያችን አንዲት መስመር የሚያስተካክል ሰው የለም። ቤተሰቡ ቀብሮታል፣ አገሩ ግን አልቆጠረውም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው፣ ከአደጋው በኋላ እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ የሞተውን ሁሉ መቁጠር ነው። አንዱ አገር በ30 ቀን፣ ሌላው ቦታው ላይ የሞተውን ብቻ እየቆጠረ እንዴት ይወዳደራሉ?

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ቻይና የመዘገበችው ሟች 58 ሺህ ገደማ ነበር፤ የድርጅቱ ግምት ግን 256 ሺህ ገደማ። ህንድ 151 ሺህ አካባቢ መዝግባለች፤ ግምቱ 299 ሺህ አካባቢ። ስለዚህ አንድ አገር መዝገቡን አስተካክሎ ቁጥሩ ቢጨምር መመስገን እንጂ መወቀስ የለበትም። ይሄን ደጋግሜ የምለው፣ ወቀሳው ራሱ ሰዎችን ወደ መደበቅ ስለሚገፋ ነው።

"ሟቹን ለተሽከርካሪው ብዛት ማካፈል ይበቃል"

በምሳሌ እንየው። አንድ አገር 100,000 ተሽከርካሪ አለው፤ በዓመት 2,000 ሰው ይሞትበታል። ለ10,000 ተሽከርካሪ 200 ሟች ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ሞተር ሳይክል በዛና ተሽከርካሪው 1 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሟቹ 4,000 ሆነ። ስሌቱ አሁን 40 ይላል። በወረቀት አምስት እጥፍ ተሻሽሏል፤ ቀብሩ ግን በእጥፍ ጨምሯል።

ለ100,000 ሕዝብ ማስላትም ብቻውን አይበቃም። መኪና ገና ያልበዛበት አገር በዚህ መለኪያ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ቀጥሎ "የሞተው ማነው? እግረኛ? ሞተረኛ? ተሳፋሪ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

"አስፋልቱ ካማረ አደጋው ይቀንሳል"

ለስላሳ አስፋልት ፍጥነት ይጨምራል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የእግረኛ መንገድና ማቋረጫ ያልተሠራለት አዲስ መንገድ ዳር ለዳር ለሚሄድ ተማሪ ከድሮው ፒስታ የባሰ ነው።

"መጀመሪያ አገሩ ይበልጽግ"

ቬትናም ሀብታም እስክትሆን አልጠበቀችም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ማንኛውም ሞተረኛ፣ ከኋላ የተፈናጠጠውም ጭምር፣ ሄልሜት እንዲያደርግ አስገደደች፤ ቁጥጥሩንም አጠበቀች። በጥቂት ወራት ውስጥ የጭንቅላት ጉዳት መቀነሱ በሆስፒታሎች ታየ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የትራፊክ ሟቾቿን በግማሽ ያህል ቀንሳለች።

"ጥፋቱ የሹፌር ነው"

ሪፖርቶች አብዛኛውን አደጋ "የአሽከርካሪ ስህተት" ይሉታል። ቅጹን ግን እዩት። "ፍጥነት፣ ቅድሚያ መከልከል፣ ርቀት አለመጠበቅ" ይላል። መብራት አልነበረም ወይ? የሚሻገሩበት ቦታ ነበረ ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን ብዙ ጊዜ የለውም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ሪፖርት ላይ አይወጣም።